ከቦረና ደጋ እስከ ጁሜራ ባሕር ዳርቻ

ኢትዮጵያዊት ሯጭ በባዕድ አገር ድል ማድረጓ በሬድዮ በተነገረ ቁጥር በየቤቱ እልል ይባላል። የገባችበት ሰዓት፣ የተሸለመችው ገንዘብ፣ ያስከተለቻቸው ተወዳዳሪዎች ስም ይዘረዘራል። ሯጯ ከአገር ከመውጣቷ በፊት ምን ምን እንዳሟላች፣ የፈረመችው ውል ምን እንደሚል፣ የምትመለስበትን ቀን አውቃ መሄድ አለመሄዷ ግን እምብዛም አይነገርም። ለቤተሰብ፣ በተለይም ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች፣ ከሰዓቱና ከሽልማቱ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ይኸው ያልተነገረው ነው።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው በባሕር ዳር ስለሚሮጥ አንድ ማራቶንና ወደዚያው ባሕር ዳር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ስለሚጓዙ እህቶቻችን ነው። ማራቶኑ የዱባይ ማራቶን ነው። ከመንገደኞቹ አንዷ ሯጭ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ከደቡብ ወሎ ደጋ ተነሥታ በሰው ቤት ለመሥራት የምትሄደው ልጅ ናት። ስለዚህ ጽሑፉ የሚነሣው ይህችው ልጅ ከተወለደችበት ስፍራ፣ ከመካነ ሰላም ነው።

ደጋው

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ አቀስታን አቋርጦ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመካነ ሰላም ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። በዙሪያዋ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ የሚዘራበት መሬት ተዘርግቷል። ከከተማዪቱ ብዙም ሳይርቅ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን ይገኛል። በምዕራብ በኩል ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ይታያል። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ያለውም በዚሁ በቦረና ምድር ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገበያይበት፣ በደስታም በሐዘንም የማይለያይበት አገር ነው።

በዚህ አገር ያደገች ልጅ ባሕርን የምታውቀው በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ነው። በዓይኗ ያየችው ትልቅ ውሃ ቢኖር ዓባይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከላይ ሆና ቁልቁል ስታየው እንደ ቀጭን ክር ይታያታል እንጂ ድምፁ እንኳ አይሰማትም። የዕለት ውሃዋን የምታመጣው ከምንጭ ነው። ጀሪካኑን በገመድ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ኩበት ትለቅማለች፤ እህል ወደ ወፍጮ ታደርሳለች፤ ትምህርት ቤት ለመድረስም ሌላ ዳገትና ሌላ ቁልቁለት ይጠብቃታል። የማለዳው ደወል እንዳያመልጣት የምትሮጠው ሩጫ ማንም ሰዓት ይዞ የማይቆጥርላት ሩጫ ነው።

ስለ ከፍታ ከተነሣ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በ2600 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በመሆኑም ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህንን ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። እንዲህ ባለ ስፍራ የኖረና የሠለጠነ ሰው ወደ ባሕር ዳር በወረደ ጊዜ አየሩ ስለሚጠግበው ሩጫው ይቀለዋል። የደጋ ልጆች በረጅም ርቀት ሩጫ የሚታወቁበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያወጣም። ቢሆንማ ኖሮ ከቦረና፣ ከሳይንትና ከለጋምቦ የሚወጡ ሯጮች ከአርሲዎቹ ባላነሱ ነበር። የአርሲዋ በቆጂ ከመካነ ሰላም በጥቂት ብቻ ከፍ የምትል ከተማ ናት። ነገር ግን በቆጂ ሥንታየሁ እሸቱ የተባሉ መምህር ነበሯት፤ እኒህ ሰው ልጆቹን በማለዳ እየሰበሰቡ በማሠልጠናቸው ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሳሰሉ ሯጮች ከዚያች ትንሽ ከተማ ሊወጡ ችለዋል። የሁለቱ ከተሞች ዳገትም አየርም ተመሳሳይ ሲሆን፣ ልዩነት ያመጣው ዳገቱ ላይ የምትሮጠውን ልጅ ቆም ብሎ ያየ አሠልጣኝ ነው።

ባሕሩ

ከአዲስ አበባ ዱባይ ለመድረስ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሚወስደው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። ከተማዪቱ በአሸዋ ምድርና በባሕረ ሰላጤው መካከል በረጅሙ ተዘርግታለች። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የአየሩ ውፍረትና እርጥበት ነው። በበጋቸው ወራት ሙቀቱ ደጅ የማያስወጣ ሲሆን፣ በእኛ በታኅሣሥና በጥር ግን ማለዳው ቀዝቀዝ ይላል። ማራቶኑ በዚሁ ወቅት የሚሮጠውም ስለዚህ ነው።

የሩጫው ዋና ጎዳና ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው የጁሜራ መንገድ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለና ዳገት የሌለው ነው። ሯጮቹ አንደኛውን አቅጣጫ ሄደው በዚያው ይመለሳሉ። ባሕሩ በአንዳንድ ስፍራ ከቪላዎች ጀርባ ይደበቅና በሌላው ስፍራ ድንገት ብቅ ይላል፤ ነፋሱ ግን ጨው ጨው እየሸተተ ከጎን አይለይም። በባሕሩ ውስጥ በሰው እጅ በተሠራ ደሴት ላይ፣ ሸራዋን የወጠረች ጀልባ መስሎ የቆመው ቡርጅ አል ዐረብ የተባለው ሆቴል ይታያል። ቁመቱ 321 ሜትር ነው። በዳገት ያደገ እግር ለዚህ ጎዳና ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። ሆኖም ሜዳም የራሱ ፈተና አለው። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ አንዱ ጡንቻ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ በሜዳ ላይ ግን ያው ጡንቻ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሙሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል። በመሆኑም መጀመሪያ ላይ የተጣደፈች ሯጭ ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ዋጋውን ትከፍላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለማራቶንም ይሠራል።

በዚህ ባሕር ዳር የእኛ ሴቶች ታሪክ ረጅም ነው። ከጥር 2000 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ድረስ በተካሄዱት አሥራ አንድ ውድድሮች በሴቶቹ በኩል አሸናፊዎቹ በሙሉ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ብርሃኔ አደሬ ስታሸንፍ የአንደኛነቱ ሽልማት 250 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነበር። ሴቶች ማራቶን መሮጥ አይችሉም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲከለከሉ ኖረው፣ በኦሊምፒክ እንኳ የሴቶች ማራቶን የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ የሽልማቱ እኩልነት ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችውም ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ብቻ ነው።

ለቤተሰብ ዓምድ በተለይ ሳይጠቀስ የማይታለፈው የአሰለፈች መርጊያ ታሪክ ነው። አሰለፈች በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. የዱባይን ማራቶን አከታትላ አሸነፈች፤ በሁለተኛው ዓመት የገባችበት 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ31 ሴኮንድ በጊዜው የኢትዮጵያ ሴቶች ክብረ ወሰን ነበር። ከዚያም ሴት ልጅ ወለደች። ወልዳ አበቃላት ያሉ ሰዎች ነበሩ። ጥር 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ግን ከጥምቀት በዓል አራት ቀን በኋላ፣ በዚያው ጎዳና ላይ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ገብታ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችውን ኬንያዊት የበለጠቻት በአንዲት ሴኮንድ ብቻ ነው። መውለድ የሴትን ሥራ የሚያስቆም ሳይሆን፣ ቤተሰብ ከደገፋት የሚያሸጋግራት የኑሮ ምዕራፍ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ መንገዶች

ወደዚህ ሩጫ የምትጋበዝ ሯጭ አገሯን የምትለቀው አስቀድማ ብዙ ነገር ካጠናቀቀች በኋላ ነው። ከአዘጋጆቹ የመጣ የግብዣ ደብዳቤ አላት። የደርሶ መልስ ትኬት ተቆርጦላታል። የምታርፍበት ሆቴል፣ የምትሮጥበት ሰዓት፣ አንደኛ ብትወጣ ስንት፣ አምስተኛ ብትወጣ ስንት እንደሚከፈላት ተጽፎ ተሰጥቷታል። ወኪሏ ከሽልማቷ የሚወስደው ድርሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አሥራ አምስት፣ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፓስፖርቷ ከእጅዋ አይወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትመለስበት ቀን በትኬቱ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛዋ መንገደኛ በዚያው አውሮፕላን፣ ምናልባትም በዚያው ረድፍ ተቀምጣ ትሄዳለች። ልዩነቱ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ከደቡብ ወሎ የሚነሡ ልጆች ጉዞውን የሚጀምሩት በደላላ ቃል ነው። ደላላው የአካባቢው ሰው ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ የሚታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወላጅ ላም ይሸጣል፣ ወይም መሬት ያከራያል፣ ወይም በወለድ ይበደራል። ልጅቷ የምትሠራበትን ቤት፣ የአሠሪዋን ስም፣ የወር ደመወዟን የምታውቀው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።

ይህ መንገድ ያስከተለው ጉዳት አገር ያወቀው ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ በወሎ ብዙ ቤቶች ባዶ እጃቸውን የገቡ ልጆቻቸውን ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት የቤት ሠራተኞችን የውጭ አገር ጉዞ አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. አቆየው። እገዳው ግን ጉዞውን ከማቆም ይልቅ ወደ ስውር መንገድ ገፋው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሠራተኛዋ ያስገኘላት መብት ትንሽ አይደለም። ዕድሜዋ 18 ዓመት የሞላ፣ ለሥራው የሠለጠነች መሆን አለባት፤ በጽሑፍ የተደረገ የሥራ ውል ሊኖራት ይገባል፤ የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪዋ ነው እንጂ የእርሷ ቤተሰብ አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስም በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛዋ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት ሠላሳ ቀን ፈቃድ እንድታገኝ፣ ፓስፖርቷም በእርሷ እጅ እንዲቆይ ደንግጋለች። ስለዚህ በሕግ ፊት የሁለቱ መንገደኞች ልዩነት የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። ልዩነቱን የሚያሰፋው ሕጉን አለማወቅና መቸኮል ነው።

የገና ዕለት በጁሜራ

የ2016 ዓ.ም. የዱባይ ማራቶን የተሮጠው በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ነበር። ቀኑ እሑድ በመሆኑና የዕረፍት ቀን የሚያገኙ የቤት ሠራተኞችም ብዙውን ጊዜ እሑድን ስለሚያርፉ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በጎዳናው ዳር የተሰለፉት አበሾች ብዙዎች ነበሩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ የያዙ አሉ። ለበዓሉ ነጠላ የለበሱ አሉ። ከጎናቸው ደግሞ ሒጃብ የለበሱ የወሎና የጅማ ልጆች ቆመዋል፤ በፔርሙስ የመጣው ቡናም፣ በፌስታል የተቋጠረው ድፎም ለሁሉም ይዞራል። አንዷ የአሠሪዎቿ ልጆች ከእንቅልፍ ሳይነሡ መመለስ እንዳለባት እየተናገረች ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

መሪዎቹ ሴቶች ብቅ ሲሉ ጎዳናው በእልልታ ተናወጠ። «በርቺ! አይዞሽ!» የማይል ሰው አልነበረም። ሯጮቹ በዓይን ጥቅሻ ያህል አልፈው ሄዱ። በመጨረሻም ቀድሞ በመካከለኛ ርቀት የምትታወቀው ትዕግሥት ከተማ፣ ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጣ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ አንደኛ ወጣች። ማራቶንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠች ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሰዓት አስመዝግባ አታውቅም ነበር። ሩቲ አጋ ሁለተኛ፣ ዴራ ዲዳ ሦስተኛ ሆነው ገቡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ናቸው። በወንዶቹም እንደዚሁ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት የእኛው ልጆች ነበሩ።

ከማራቶኑ ጋር የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫም ነበር። ይህኛው ለሁሉም ክፍት ነው። ከጨረሱት መካከል ላቧን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ አንዲት ወጣት አገኘሁ። ስሟን መጥቀስ አያስፈልግም። የቦረና ልጅ ናት፤ ከመካነ ሰላም በእግር ከሚደረስበት ቀበሌ። ዱባይ ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከደመወዟ አጠራቅማ፣ የዕረፍት ቀኗንም ለዚህ አድርጋ ነው የመጣችው።

ልምምዱን የት እንዳደረገች ብጠይቃት ሣቀች። «እትዬ፣ ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው። ደረጃውን ከላይ እስከ ታች እወለውላለሁ፤ ዕቃ ይዤ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ከጀሪካኑ ዳገት ያነሰ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደምትተኛም ነገረችኝ። «ዛሬ ግን ማንም አልጠራኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይጠራኝ ሮጥሁ» አለች። ከዚያም ሜዳልያዋን በአንገቷ እንዳደረገች፣ ባሕሩንና ያን ጀልባ መሳይ ሆቴል ከኋላዋ አድርጌ በስልኳ ፎቶግራፍ እንዳነሣት ለመነችኝ። አነሣኋት። ወዲያውኑ ለእናቷና ለታናሽ እህቷ ላከችው። የአዲስ አበባውን የስልክ ቁጥሬን ወስዳ ተለያየን።

የፎቶግራፉ ነገር

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ያን ዕለት የሰማሁት አልነበረም። ፎቶግራፉ በሰፈሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። የአሥራ ስድስት ዓመት ታናሽ እህቷ ትምህርቷን ትታ እንደ እርሷ እሆናለሁ ብላ ተነሥታለች። ደላላ ተገኝቷል፤ ዕድሜዋን አሳድጎ ወረቀት እንደሚያወጣ ቃል ገብቷል። እናቷም ላሚቱን ሸጠዋል።

«አትላኳት ብዬ እኔው ብናገር፣ ለእህቷ ቀናች፣ የበላችበትን ወጪት ሰባሪ ትባላለች ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ደኅና ነኝ ነው ያልኋቸው። አሁን ምን ብዬ ልመለስ? አንቺ ያየሽኝ ነሽ፤ አደራሽን ለእናቴ አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ።

አደራ ከባድ ነው። ለእናትየዋ ደወልሁ። ማን እንደሆንሁና ልጃቸውን የት እንዳገኘኋት ስነግራቸው በብዙ ምርቃት ተቀበሉኝ። ወደ ዋናው ነገር ስገባ ግን ንግግራቸው ቀዘቀዘ።

«አንቺ ልጅ፣ ልጄ ከባሕር ዳር ቆማ፣ ወርቅ በአንገቷ አድርጋ ነው የታየችኝ። ወርቅ ያሰረች ልጅ ተቸግራለች ብትይኝ እንዴት ብዬ ልመንሽ?» አሉኝ።

ሜዳልያውን ወርቅ ብለውት ነበር። «እማማ፣ እርሱ ወርቅ አይደለም። ሩጫውን ለጨረሰ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ማስታወሻ ነው፤ ቢሸጥ አንድ ጣሳ ጤፍ አይገዛም። ልጅዎ የሮጠችው ለአንድ ማለዳ ነው፤ የቀረውን ሳምንት ሙሉ ደረጃ ትወለውላለች» ብዬ አስረዳኋቸው። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሥራዋ ሰዓት፣ እርሷ ራሷ የነገረችኝን ሁሉ አልሸሸግሁም። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ስድስት ዓመት ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ «ላሚቱስ?» አሉ።

የላሚቱ ገንዘብ እኩሌታ ለደላላው ተሰጥቶ ነበር። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ልጅቷ ግን አልሄደችም። ወደ ትምህርቷ ተመልሳ፣ አሁን 18 ዓመት ሞልቷት የሙያ ሥልጠና በመከታተል ላይ ናት። ወደ ውጭ የመሄድ አሳቧን ጨርሳ አልተወችም፤ «ውሉን በእጄ ይዤ፣ አንብቤው ነው የምሄደው» ትላለች። ታላቂቱም በበኩሏ ከዚያ ወዲህ ለእናቷ ደኅና ነኝ ብቻ ማለቷን ትታለች። በየሳምንቱ ስትደውል የደከማትንም ትነግራቸዋለች። እናትየዋ እንዳሉኝ ከሆነ፣ ልጃቸው ከሄደች ወዲህ በእውነት ያነጋገረቻቸው አሁን ነው።

ለወላጆችና ለልጃገረዶች

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ማንም ሴት ከአገሯ አትውጣ የሚል አይደለም። ሯጮቻችን ወጥተው ተመልሰዋል፤ ራሳቸውንም አገራቸውንም አኩርተዋል። በሰው ቤት ሠርታ፣ ወንድሟን አስተምራ፣ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራች እህትም ክብር ይገባታል። ልብ ሊባል የሚገባው ሯጯ ከመነሣቷ በፊት የምታሟላው ነገር ለሠራተኛዋም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ዕድሜ አይሰረቅ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማራቶን እንድትሮጥ የሚፈቅድ አሠልጣኝ የለም፤ አጥንቷ አልጠነከረምና። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ ቀንና ሌሊት እንድትሠራ መስደድ ደግሞ ከማራቶን የበለጠ ሸክም ነው። ዕድሜ ጨምሮ ወረቀት የሚያወጣ ደላላ ለልጅቷ የሚከራከርላትን ሕግ አስቀድሞ ይነጥቃታል።

ሁለተኛ፣ ውሉ በልጅቷም በቤተሰቧም ይነበብ። ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ቢኖር በየወረዳው ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትን ይጠይቅ። የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የወር ደመወዙ ልክ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የመመለሻ ትኬቱ በውሉ ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ። የቪዛና የትኬት ገንዘብ ከቤተሰብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ ሕጉ ይህን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ መሆኑን አስታውሶ ላምን ከበረት ማውጣት ይቅር። ሕገ ወጥ ደላላን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሆኖም አዋጅ የሚሠራው ተበዳይ ቀርቦ ሲናገር ነው።

ሦስተኛ፣ በውጭ ያላችሁ እህቶች እውነቱን ጻፉ፤ እውነቱን ተናገሩ። በባሕር ዳር የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ውሸት አይደለም፤ ያ ማለዳ የእናንተ ነው፤ ደስታውም የእናንተ ነው። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጋር የቀሩት ስድስት ቀኖችም ለቤተሰብ ይነገሩ። ያልተነገረ ድካም ታናሽ እህትን ይጠራል።

በመጨረሻም በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ለስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የምንለው አለን። አዲስ አበባ ላይ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተሰኘው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሴቶችን ወደ አደባባይ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር በየወረዳው ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አንድ ጎዳና፣ አንድ ሰዓትና ልጆቹን በማለዳ የሚጠብቅ አንድ መምህር ነው። በየዳገቱ ጀሪካን አዝለው የሚሮጡት የቦረና ልጆች መካከል እግሯ ለታላቅ ነገር የተፈጠረ ልጅ ትኖር ይሆናል። ባትኖር እንኳ፣ ማንም ሳይጠራት አንድ ሰዓት የመሮጥን ደስታ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልጋትም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እሄዳለሁ ባለቻችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ የምትመለስበትን ቀን ጠይቋት። መልሱን ከወረቀት ላይ አንብባ ልትነግራችሁ ካልቻለች፣ የመሄጃዋ ጊዜ ገና ነው።